ቤቱን ለሚያድስ የከተማ ነዋሪ መንግሥት ዋስ ይሁን

በምርጫ ቅስቀሳ ስብሰባ ላይ ለአዲስ አበባ መራጮች የተደረገ ንግግር

ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓዶቼ ስለ ፍርድ ቤቶች ነፃነትና ስለ ምርጫው ሂደት በሰፊው አብራርተውላችኋል። እኔ የምናገረው ስለ ቆርቆሮ ነው። ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ ግድግዳ፣ ስለሚያፈስ ጣሪያና ስለተቀደደ የቧንቧ መስመር ነው። ፖለቲካ ከዚህ ይጀምራል ብለን ስለምናምን በማኒፌስቷችን ውስጥ ለቤት እድሳት ብድር ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥተነዋል።

ያደግሁት ጉለሌ ውስጥ በጭቃ ቤት ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ይህን ቤት ታውቁታላችሁ። ቋሚው ባሕር ዛፍ ነው፤ ግድግዳው ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ለእንቁጣጣሽ ምርጊቱ ይታደሳል፣ በላዩ ኖራ ይቀባል፣ እንግዳ ሲገባ ቤቱ አዲስ ይመስላል። የቋሚው እግር ግን ከመሬት በታች እየበሰበሰ ነው። እናቴ ዕቁብ በደረሳት ዓመት ቆርቆሮ ገዛች። ለግድግዳው ሌላ ዕቁብ ጠበቀች። ግድግዳው ሲያልቅ ወለሉ ተበላሽቶ ነበር፤ ለወለሉ ሊሾ ስታስደርግ ደግሞ የመጀመሪያው ቆርቆሮ ዝጎ ማፍሰስ ጀመረ። ቤቱን ዕድሜ ልኳን ስትጠግን ኖራ አንድም ቀን ሙሉ ቤት አልነበራትም።

ቤቱ የራሷ ነበር፤ ካርታ አላት። ካርታውን ይዘን ወደ አንድ ባንክ ሄድን። ስሙን አልጠራም፤ በሌላው ዘንድ ብንሄድ መልሱ የተለየ ይሆን ነበር ብዬም አላስብም። የተነገረን ይህ ነው፦ «ቤቱ የጭቃ ስለሆነና ስላረጀ ለመያዣ አይበቃም።» ቤቱ ያረጀው ብድር ስላጣ ነው፤ ብድር ያጣው ስላረጀ ነው። እናቴ ከባንኩ ስትወጣ «ታዲያ አዲስ ቤት ቢኖረኝ ምን ልሠራ እመጣ ነበር?» አለች። እኔ እስከ ዛሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ ባለሥልጣን አላጋጠመኝም።

ወገኖቼ፣ የከተማ ሰው ድህነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ገቢ ማጣት ነው። ሌላው ረጅም ገንዘብ ማጣት ነው። በየወሩ 6 ሺህ ብር ለመክፈል የሚችል ቤተሰብ 300 ሺህ ብር በአንድ ቀን ማውጣት አይችልም። ለምሳሌ ያህል 300 ሺህ ብር በ15 በመቶ ወለድ በ3 ዓመት የሚመለስ ከሆነ የወሩ ክፍያ ወደ 10,400 ብር ይደርሳል። ይኸው ብድር፣ በዚሁ ወለድ፣ በ7 ዓመት ቢሆን ወርኃዊ ክፍያው ከ5,800 ብር አይበልጥም። በጠቅላላው የሚከፈለው ወለድ በ7 ዓመቱ እንደሚበልጥ አልደብቃችሁም፤ ልዩነቱ ከ110 ሺህ ብር በላይ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ብድር ለመምህሩ፣ ለነርሷና ለጡረተኛው የተዘጋ በር ነው፤ ሁለተኛው ቢያንስ የሚያንኳኩት በር ነው። አንድ ተጨማሪ ሰርቪስ ክፍል አድሶ የሚያከራይ ሰው ከኪራዩ ብቻ የክፍያውን ትልቅ ድርሻ ሊሸፍን ይችላል።

ባንኮች ገንዘባቸውን ለ7 ዓመት ለትንሽ ሰው ለምን አያበድሩም? ክፋት ሆኖባቸው አይደለም። አስቀማጩ ገንዘቡን ነገ ሊያወጣ ይችላል። ለ300 ሺህ ብር ብድር የሚያስፈልገው የወረቀት ሥራ ለ30 ሚሊዮን ብር ከሚያስፈልገው ብዙም አያንስም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ባደረገ ጊዜ፣ በኋላ ገደቡ ከፍ ቢልም፣ ወረፋው ላይ ከሁሉ ወደ ኋላ የሚቀረው ማን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ፌሮውን፣ ቀለሙን፣ ሴራሚኩንና የቧንቧ ዕቃውን የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ የገባ ሁሉ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል። ዕቁብ እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው ዕቃውን በተወደደ ዋጋ ነው የሚገዛው።

ወደ ኋላ ስንመለከት፣ የመንግሥት እጅ ከከተማ ቤት ላይ ተነሥቶ አያውቅም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ኪራያቸው በወር ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራይ ዝቅ ተደረገ፤ በዚያን ጊዜ ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በዚያ ኪራይ ጣሪያ መቀየር አልተቻለም። አከራዩ ቀበሌ ገንዘብ የለውም፣ ተከራዩ መብት የለውም፣ ቤቱ ባለቤት የለውም። ልደታ፣ አራዳ፣ ቂርቆስና አዲስ ከተማ ውስጥ «የደከሙ ሰፈሮች» እየተባሉ የፈረሱት ቤቶች ያደከማቸው ዕድሜ ብቻ አልነበረም። በ50 ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ በቅጡ ያደሳቸው አልነበረም።

በ1968 ዓ.ም. የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተቋቋመ። ጉድለት ነበረበት፤ ቢሆንም ሥራው የከተማ ነዋሪ ቤት ብቻ የሆነ የመንግሥት ባንክ ነበር፣ ለቤት ማኅበራትም ዝቅ ባለ ወለድ ያበድር ነበር። በ1987 ዓ.ም. የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። «ቤቶች» የሚለው ቃል በመጀመሪያ ከስሙ ወጣ፣ ቀጥሎ ባንኩ ራሱ ጠፋ። በእርግጥ መንግሥት የቤት ብድር መስጠት አያውቅም አንልም። የ20/80 ኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው 20 በመቶ ከፍሎ ቀሪውን 80 በመቶ ከንግድ ባንክ በረጅም ጊዜ ተበድሯል። እንግዲህ ለአዲሱ ቤት የተቻለው ለአሮጌው ለምን አልተቻለም? የሚመረቅ ነገር ስለሌለው ይሆን? የታደሰ ግድግዳ ላይ ሪባን አይቆረጥም።

እዚህ ላይ ከሌላ አገር አንድ ነገር ላምጣ። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ዘመድ ያላችሁ «ኤፍ ኤች ኤ» የሚባለውን ስም ሰምታችሁ ይሆናል። የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ማለት ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1934፣ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ እያለች፣ አናጢውና ግንበኛው ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ጊዜ ነው። ከመጀመሪያ ሥራዎቹም አንዱ ለቤት ጥገና የሚሰጥ እስከ 2,000 ዶላር የሚደርስ አነስተኛ ብድርን ማስተማመን ነበር። መንግሥት አላበደረም። ያበደረው ባንክ ነው፤ መንግሥት «ቢጠፋ እኔ አለሁ» አለ። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። አንድ ብር በብድር ሲወጣ አንድ ሰው ቤት ያድሳል፤ አንድ ብር ዋስ ሆኖ ሲቀመጥ ግን የብዙ ሰው ብድር ይሸከማል፣ ምክንያቱም ሁሉም ተበዳሪ በአንድ ቀን አይከስርም።

ዛሬም «203 ኬ» የሚባል ብድር አላቸው። አሮጌ ቤት የሚገዛ ወይም የራሱን ቤት የሚያድስ ሰው የቤቱንና የእድሳቱን ገንዘብ በአንድ የሞርጌጅ ብድር ይወስዳል። የእናቴን ጥያቄ የሚመልሰው ነገር እዚህ ውስጥ ነው፦ ቤቱ የሚገመተው ዛሬ ባለው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ እድሳቱ ካለቀ በኋላ የሚኖረው ዋጋም ይታያል። የእድሳቱ ገንዘብ በተበዳሪው እጅ አይሰጥም። ለብቻው በተከፈተ ሂሳብ ተቀምጦ ሥራው እየታየ በየምዕራፉ ለሠራተኛው ይከፈላል። መጠባበቂያም ይያዝለታል፤ ግድግዳ ሲነካ ከውስጡ ያልታሰበ ነገር እንደሚወጣ ቤት ያሳደሰ ሁሉ ያውቃል። ለአነስተኛ እድሳት የሚፈቀደው ጣሪያ 35 ሺህ ዶላር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2024 ጀምሮ ወደ 75 ሺህ ከፍ ብሏል። ተበዳሪው የመድን ክፍያ ይከፍላል፤ ዋስትናው የሚኖረው በዚያ ገንዘብ ነው።

ሌላውን አገር ስናወድስ ግን ጉዱንም እንናገር። በዚያ አገር የመጀመሪያው የጥገና ብድር ዘመን አታላዮች በየቤቱ እየዞሩ፣ የማይረባ ሥራ በውድ እየሸጡ፣ ባለቤቱን በዕዳ ውስጥ ጥለው ጠፍተዋል። ባንኩ መንግሥት ስለሚከፍልለት ሥራውን ሄዶ አላየም። እ.ኤ.አ. በ1954 ምርመራ ተደርጎ ከዚያ በኋላ አበዳሪው ከእያንዳንዱ ኪሣራ 10 በመቶውን ራሱ እንዲሸከም ሕግ ወጣ። ከዚህ የከፋው ግን ሌላው ነው። ይኸው መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች «አደገኛ» እያለ ከዋስትናው አስወጥቷቸዋል። አድልዎውን የሚከለክለው የቤቶች ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ብድር ያገኘው ሰፈር አማረ፣ ያላገኘው አረጀ፤ ልዩነቱ እስከ ዛሬ ይታያል።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። እኛም አገር የዋስትና ፈንድ ተቋቁሞ ካርታ ላለው ብቻ ከሆነ፣ ቦሌ ይታደሳል፣ ጎላና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለው ተከራይ ግን ዝናቡን በባልዲ እየተቀበለ ይቀመጣል። ስለዚህ የፓርቲያችን ሐሳብ የሚጀምረው ካርታ ከሌለው ሰው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት አለው ይላል። በእኛ አረዳድ በገዛ ገንዘቡ የቀበሌ ቤት ያሻሻለ ሰውም ለዚያ መሻሻል ሊታሰብለት ይገባል። ለረጅም ዓመታት በቀበሌ ቤት የኖረ ቤተሰብ፣ ቤቱ በማይፈርስበት ሰፈር ከሆነ፣ ቤቱን በረጅም ጊዜ ክፍያ የራሱ እንዲያደርገው እናደርጋለን። ክፍያው ሲጀመር ውሉ ይመዘገባል፤ የተመዘገበው ውልም ለእድሳት ብድር መያዣ ይሆናል። ቤቱ ለልማት ይፈርሳል ከተባለ ደግሞ ያደሰበት ገንዘብ በካሣው ውስጥ ተቆጥሮ ይሰጠዋል። አለበለዚያ ነገ ለሚፈርስ ቤት ማን ቆርቆሮ ይገዛል?

ካርታ ላለው ሰው የምናደርገው ቀለል ያለ ነው። ባንኩ ያበድራል፤ የዋስትና ፈንዱ ከሚደርሰው ኪሣራ 70 በመቶውን ይሸፍናል፣ 30 በመቶው በባንኩ ላይ ይቀራል፤ ይኸኛው ባንኩ ዓይኑን ከፍቶ እንዲያበድር ነው። ቤቱ የሚገመተው እንደሚታደሰው ሆኖ ነው። ገንዘቡ በሦስት ጊዜ ይለቀቃል፦ ዕቃ ሲገዛ፣ ጣሪያና ግድግዳ ሲያልቅ፣ ሥራው ሲፈጸም። በየደረጃው አይቶ የሚፈርመው ከወረዳው የማይቀጠር የግል መሐንዲስ ይሆናል። ወረዳው ለምን እንዳልተመረጠ ላብራራ አይገባኝም፤ ለአጥር ፈቃድ ስንት ቀን እንደተመላለሳችሁ እናንተ ታውቃላችሁ።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችን አልረሳንም። የመጀመሪያዎቹ ሕንጻዎች ዕጣ ከወጣ 20 ዓመት ገደማ ሆኗል። ደረጃው ተሸርፏል፣ የፍሳሽ መስመሩ ሞልቶ ይወጣል፣ ከአራተኛ ፎቅ የሚንጠባጠበው ውኃ ሦስተኛውን ያበላሻል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንጻ አዋጅ የነዋሪዎች ማኅበርን በጋራ ንብረቱ ላይ ኃላፊ አድርጎታል፤ የሚያድስበት ገንዘብ ግን በየወሩ ከሚሰበሰበው የጥበቃና የጽዳት መዋጮ አይወጣም። ማኅበሩ በስሙ እንዲበደርና ፈንዱ ዋስ እንዲሆንለት እናደርጋለን።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር በመንገድ ዳር ያሉ ባለቤቶች ፊት ለፊታቸውን እንዲያድሱና ቀለም እንዲቀቡ ተደርጓል። ከተማ ማማሩን አንቃወምም። የምንቃወመው ትእዛዙ ሲመጣ ብድሩ አብሮ አለመምጣቱን ነው። ከመንገድ የሚታየው ግድግዳ ተቀብቶ ከጀርባው ያለው ጣሪያ የሚያፈስ ከሆነ ያደስነው ቤቱን ሳይሆን መንገዱን ነው።

አንድ አባት ቅድም በመግቢያው ላይ «ቤቴን ባሳምረው ግብሬ ይጨምርብኛል፣ ታዲያ ምን አተረፍኩ?» ብለው ጠይቀውኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። እኛ የምንለው፣ በፈንዱ ዋስትና በታደሰ ቤት ላይ በእድሳቱ የመጣው የዋጋ ጭማሪ ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ለታክስ አይቆጠር ነው።

ሌላው በብዙ ሰው ዓይን ውስጥ የማየው ፍርሃት ሐራጅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በውሉ ላይ ስምምነት ካለ የተያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ ከ30 ቀን ያላነሰ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መሸጥ ይችላል። ለነጋዴው መጋዘን ይህ ይገባ ይሆናል። ለአንዲት እናት ብቸኛ መጠለያ ግን 30 ቀን አይበቃም። ስለዚህ ቤተሰብ የሚኖርበት ብቸኛ ቤት በእድሳት ብድር ምክንያት ለሐራጅ ከመቅረቡ በፊት የስድስት ወር ጊዜ ይሰጠዋል፤ በዚያ ጊዜ ፈንዱ ክፍያውን ይሸከማል፣ ብድሩም በረዘመ ጊዜ ይደለደላል። ሆነ ብሎ የማይከፍል ሰው ግን ከሐራጅ አያመልጥም፤ ምክንያቱም የእሱን ዕዳ የሚከፍለው ጎረቤቱ ይሆናል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው አይቀርም፤ ገዥው ፓርቲም ነገ በራዲዮ ይጠይቀናል። የፈንዱ መነሻ ከከተማዋ የሊዝ ገቢ ተለይቶ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ተበዳሪ ከብድሩ አንድ በመቶ የዋስትና ክፍያ ይከፍላል፤ 300 ሺህ ለተበደረ 3 ሺህ ብር ማለት ነው። የፈንዱ ሂሳብ በየዓመቱ ተመርምሮ በጋዜጣ ይወጣል፤ ማን ተበደረ ሳይሆን በየትኛው ክፍለ ከተማ ስንት ቤት ታደሰ፣ ስንት ብድር ተበላሸ የሚለው ይወጣል። አንዱ ክፍለ ከተማ ሁሉን ወስዶ ሌላው ባዶ ከሆነ በዚያ ገጽ ላይ ታዩታላችሁ፤ ያን ጊዜ እኛንም ትጠይቁናላችሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም አይደርስም። ይደርሳል ብዬ ድምፃችሁን ብወስድ ውሸት ይሆናል። ቅድሚያ የሚሰጠው ለጣሪያ፣ ለሽንት ቤትና ለኤሌክትሪክ መስመር እድሳት ነው፤ ለኮርኒስና ለሴራሚክ የሚመጣ ይጠብቃል። ዝርዝሩ በዚህ በራሪ ጽሑፍ በስተመጨረሻ ከተቀመጠው የቤቶች ክፍል ጋር ታትሟል፤ ወስዳችሁ ከጎረቤታችሁ ጋር፣ በዕድራችሁም ላይ ተወያዩበት። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ካሉት እናቶች እንጀምር።